ጧሪ፣ ቀባሪና ዕጣ፦ ድንገተኛ ሀብት በአረጋውያን እጅ

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል የአገራችን ሰው። ምሳሌያዊ አነጋገሩ የወጣትን ተስፋ በሚገባ ይገልጻል። ወጣት በገንዘቡ ወደፈለገው አቅጣጫ የሚወስድ መንገድ ይቀይሳልና። ዕድሜው የገፋ ሰው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ መንገዱ የት ያደርሳል? ማንስ አብሮ ይሄዳል?

በካርቱም ከተማ በጀሪፍና በዴም ሰፈሮች፣ ከዚያም የጥቁር ዓባይን ዳር ተከትሎ ወደ ላይ በሶባ አካባቢ ዓመታት ያስቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በቡና ላይ ሲሰባሰቡ «ድንገት ሎተሪ ቢወጣልህ ምን ታደርግበታለህ?» የሚለው ጨዋታ ተነሥቶ አያውቅም የሚል አይገኝም። ወጣቱ መኪና፣ ሱቅ፣ ወደ አውሮፓ መሻገርን ይጠራል። ሽማግሌውና አሮጊቷ ግን ሲመልሱ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። አስቀድመው ዕዳ ይከፍላሉ፤ ቀጥሎ በትውልድ ቀያቸው የቆርቆሮ ቤት ይሠራሉ፤ ለወላጆቻቸው ሳይወጣ የቀረውን ተዝካር ያወጣሉ፤ ክርስቲያኑ ኢየሩሳሌምን፣ ሙስሊሙ መካን ያስባል። በመጨረሻ የሚመጣው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጧሪ ቀባሪ። ይህ መልስ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ከሎተሪው ቲኬት ጀርባ ያለውን ረጅም የዕጣ ታሪክ መመልከት ይገባል።

ዕጣ በአገር ቤት

ለኢትዮጵያውያን ዕጣ ከሎተሪ በፊት የነበረ፣ ከቁማርም ጋር የማይገናኝ ነገር ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኢያሱ የተስፋይቱን ምድር ለነገደ እስራኤል ያከፋፈለው በዕጣ ነው፤ በይሁዳ ምትክ ማትያስ ከሐዋርያት ጋር የተቆጠረውም በዕጣ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ ዕጣ ማለት ሰው አድልዎ እንዳይፈጽም ፍርዱን ለፈጣሪ መተው ማለት ነው። በጎጃምና በሌሎችም የሰሜን አገሮች የአንድ አባት ተወላጆች ርስት ሲካፈሉ ዕጣ ይጣጣሉ ነበር። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ስለ አማራ የመሬት ይዞታ በሚናገር መጽሐፉ፣ በዳሞት የርስት ክርክርና ክፍፍል እንዴት ይካሄድ እንደነበር በዝርዝር አሳይቷል።

ርስት ግን ለባለቤቱ ከእርሻ በላይ ትርጉም ነበረው። ጉልበቱ የደከመ ሰው መሬቱን ለሚጦረው ልጅ ወይም ዘመድ ያውላል፤ ያም ሰው በሕይወት እያለ ይመግበዋል፣ ሲሞት ይቀብረዋል፣ ተዝካሩን ያወጣለታል። ስለዚህ በዕጣ የተገኘው መሬት በመጨረሻ ዘመን ወደ ጧሪነትና ቀባሪነት የሚለወጥ ሀብት ነበር። መሬት የሌለው ሽማግሌ የሚፈራው ረኀብን ብቻ አልነበረም፤ ያለ ሰው መሞትንም ይፈራ ነበር።

እ.ኤ.አ. 1961፦ ሁለት አዋጆች

ወደ ዘመናዊው ሎተሪ ስንመጣ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ግጥምጥሞሽ እናገኛለን። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 በአዋጅ ቁጥር 183 ነው። በዚያው ዓመት የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ የሚመለከት ድንጋጌ ወጣ፤ ድንጋጌው እ.ኤ.አ. በ1963 በአዋጅ ቁጥር 209 ተጠናከረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በነበሩት ወራት፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለሕዝቡ ሁለት ዓይነት ተስፋ አቀረበ ማለት ነው፤ አንደኛው ላገለገለ የሚከፈል፣ ሌላው ዕድል ለቀናው የሚደርስ።

«ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። ቃሉ የወጣው «ጦረ» ከሚለው ግስ ነው፤ ልጅ ወላጁን ሲያበላና ሲያለብስ ጦረ ይባላል። መንግሥት ለሠራተኛው የሚከፍለውን ወርሃዊ ገንዘብ በዚህ ስም መጥራቱ የልጅን ግዴታ በከፊል ወደ ራሱ ማዛወሩን ያመለክታል። ነገር ግን ይህ ጧሪ የደረሰው ለጥቂቶች ነው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ጠላ ሻጯ ከዚያ ውጭ ነበሩ። የግል ድርጅት ሠራተኞች እንኳ የጡረታ ሽፋን ያገኙት ከሃምሳ ዓመት በኋላ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። ለቀሩት ሁሉ የቀረው ዕጣ ነበር። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች «ዛሬ የሚወጣ!» እያሉ ቲኬት ከሚያዞሩት መካከል አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የማይጠፉ መሆናቸው፣ ከገዢዎቹም መካከል ሽበታሞች የሚበዙበት ጊዜ መኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ቲኬት ሻጩም ገዢውም የሚፈልጉት ያንኑ ያጡትን ጡረታ ነው።

ዕጣው ከጊዜ በኋላ መልኩን ለወጠ። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ሲጀመር ቤት የሚደርሰው በዕጣ ሆነ፤ ምዝገባ የተካሄደውም በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ምዝገባ ጊዜ ጎልማሳ የነበረ ሰው ዕጣውን ሲጠብቅ አርጅቷል። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የወጣው የ14ኛው ዙር ዕጣ በኮምፒዩተር ሥርዓቱ ላይ ማጭበርበር ተፈጽሟል ተብሎ ሲሰረዝ የደረሰው ሐዘን ከዚህ አንጻር መታየት አለበት። የተሰረዘው የገንዘብ ዕጣ ቢሆን ሰው ሌላ ቲኬት ይገዛል። የቤት ዕጣ ሲሰረዝ ግን የሚሰረዘው የሚሞቱበት አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ ነው። ለአረጋዊ የዕጣ ጉዳይ በቀልድ የማይነሣው ለዚህ ነው።

ዕቁብና ሰንዱቅ

በሱዳን የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሎተሪ ቲኬት የሚገዛበት መንገድ ጠባብ ነበር። ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 የሸሪዓን ሕግ ካወጁ በኋላ ቁማር የተከለከለ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግም ክልከላውን አጸና። በዐረብኛ ሎተሪ «ያ ነሲብ» ይባላል፤ «ዕድል ሆይ» እንደማለት ነው። ቃሉ በሰዎች አፍ ቢቀርም ነገሩ ከመንገድ ጠፋ። ሰው ግን ያለ ዕጣ አልኖረም።

ኢትዮጵያውያን ዕቁባቸውን ይዘው መጥተዋል። ሱዳናውያንም «ሰንዱቅ» ወይም «ኸታ» የሚሉት አቻ ልማድ አላቸው። በሁለቱም አባላት በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፤ የተሰበሰበው ገንዘብ በየተራ ለአንድ ሰው ይሰጣል። በዕቁብ ተራው የሚለየው ብዙውን ጊዜ በዕጣ ነው፤ ዳኛው ወይም ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ዋሱ ሥርዓቱን ይጠብቃሉ። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ኢትዮጵያውያን የመረዳጃ ልማዶች በጻፉት ጽሑፍ ዕቁብንና እድርን ጎን ለጎን አስቀምጠዋቸዋል። ተገቢም ነበር፤ ዕቁብ ለሕያው፣ እድር ለሟች ነውና።

በዕቁብና በሎተሪ መካከል ያለው ልዩነት መሠረታዊ ነው። በሎተሪ አንዱ የሚያገኘው ሌሎች ሁሉ ስላጡ ነው። በዕቁብ ግን ማንም አያጣም፤ ዕጣው የሚወስነው «ማን ያገኛል» የሚለውን ሳይሆን «ማን ይቅደም» የሚለውን ብቻ ነው። በመሆኑም ዕቁብ ለአረጋዊ የተለየ ቸርነት አለው። ታሞ የተኛ፣ ልጁን የሚድር፣ ለቅሶ የደረሰበት ሰው ሲለምን ዕጣው የወጣለት አባል ተራውን ሊለቅለት ይችላል። ድንገተኛ ሀብት በምሕረት የሚታረምበት ሥርዓት ይህ ነው። ይሁን እንጂ ዕቁብ የቆመው በዋስ ነው፤ ዋስ ደግሞ የቆመው ነገም እዚሁ እንገናኛለን በሚል እምነት ነው።

ያ እምነት በካርቱም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023) ተሰበረ። በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጣን ድጋፍ ሰጪ ኃይሎች መካከል በተቀሰቀሰው ጦርነት ከተማዋ የጦር ሜዳ ሆነች፤ ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ከሸሹት መካከል ብዙዎች በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ሰብሳቢው በአንድ አቅጣጫ፣ ዋሱ በሌላ አቅጣጫ የተበተነበት ዕቁብ የመጨረሻውን ተራ የሚጠብቀውን ሰው ባዶ እጁን ያስቀራል። በዕቁብ ማንም አያጣም የተባለው ሰላም እስካለ ድረስ ነው። ታግሦ መጨረሻ ላይ ለመቀበል የሚስማማው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ያስተማረው ሰው ነው።

የአሜሪካው ዲቪም ከዚህ ታሪክ ሊለይ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የተመሠረተውና ከ1995 ጀምሮ የሠራው ይህ ዕጣ ለብዙ ዓመታት በካርቱም የኢንተርኔት ቤቶች ሳይቀር ወረፋ አስይዟል። ዲቪ በዋናነት የወጣት ዕጣ ነው። ነገር ግን ልጅ ሲደርሰው ለወላጅ የሚሰማው ስሜት ድርብ ነው፤ ጧሪ አገኘ፣ ቀባሪ ግን ራቀበት።

ሀብታሞቹ አረጋውያን ምን አደረጉ?

በታሪካችን ድንገተኛ ሀብት ያገኙ ታላላቅ ሰዎች ያደረጉት ተራው ሽማግሌ ከሚመኘው ብዙም አይርቅም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጉንደት (1868 ዓ.ም.) እና በጉራዕ (በዚያው ዓመት መጋቢት) የግብፅን ጦር ድል ሲያደርጉ ብዙ ምርኮ እጃቸው ገባ። ከዚያ ሀብት ወደ ኢየሩሳሌም ወርቅ ልከው ለደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን መሬት መገዛቱና ግንባታው መጀመሩ ይነገራል፤ ሕንፃው የተጠናቀቀው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እቴጌ ጣይቱና ሌሎች መኳንንትና መሳፍንትም በኢየሩሳሌም ቤቶች አሠሩ፣ ገዙም። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ከኪራዩ የሚገኘው ገቢ መነኮሳቱን ይረዳል፣ መነኮሳቱ ስማቸውን በጸሎት ያነሣሉ። ልጅ የጧሪነትና የቀባሪነት ግዴታውን ቢዘነጋ እንኳ ገዳም አይዘነጋም።

እዚህ ላይ ሱዳን ዳር ቆማ የምትመለከት አገር አልነበረችም። ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ከሚያልፉባቸው መንገዶች አንዱ የዓባይን ወንዝ የሚከተለው ነበር። ሙስሊሞቹም በመተማ በኩል ወጥተው በሱዋኪን ወደብ ወደ ሒጃዝ ይሻገሩ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በካርቱም ያለ ሽማግሌ «ዕጣ ቢወጣልኝ ኢየሩሳሌምን እሳለም ነበር፣ ሐጅ አደርግ ነበር» ሲል የሚመኘው በአጠገቡ ያለፈን ጥንታዊ ጎዳና ነው።

ከዐፄ ዮሐንስ ታሪክ ሌላ ትምህርትም ይገኛል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ አስከሬናቸው ተማርኮ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ለሌሎች ነፍስ ማረፊያ በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን የጀመሩት ንጉሥ ለራሳቸው በወግ የሚቀብራቸው አላገኙም።

ወርቅ የሞላበት ከተማ

ሶባ ይህን ጥያቄ በከተማ ደረጃ የመለሰች ቦታ ናት። ከሁለቱ የዓባይ ወንዞች መገናኛ በጥቁር ዓባይ ወደ ላይ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምሥራቅ ዳርቻ የምትገኘው ሶባ የክርስቲያኑ የአልዋ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። በአጠገቧ የሚያልፈው ውሃ ከጣና የተነሣ ነው። «አልዋ» የሚለው ስም ገና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ ላይ ከግንብ ከተሞች እንደ አንዱ ተጠቅሶ ይገኛል። የአልዋ ሰዎች ክርስትናን የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ580 ገደማ በሎንጊኑስ ስብከት ነው።

በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፋጢማውያን መልእክተኛ ሆኖ ወደ ኖባ የመጣው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ፣ ጽሑፉ በአል መቅሪዚ መጽሐፍ ተጠብቆ ደርሶናል፤ ሶባ ያማሩ ሕንፃዎች፣ ወርቅ የበዛባቸው አብያተ ክርስቲያናት፣ የአትክልት ቦታዎችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር እንደነበራት ይመሰክራል። ፒተር ሺኒ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1952፣ የብሪታንያ ባለሙያዎች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የፖላንድ ባለሙያዎችም ከ2019 ጀምሮ ባካሄዷቸው ቁፋሮዎችና ጥናቶች የጡብ አብያተ ክርስቲያናትና ሌሎች ቅርሶች ተገኝተዋል። ከሶባ ከተገኙት መካከል እ.ኤ.አ. በ1015 ያረፈ ዳዊት የተባለ ንጉሥ የመቃብር ድንጋይ ይገኝበታል። ወርቁ ጠፍቶ የመቃብሩ ድንጋይ ቀረ።

ከተማዋ ከ1500 እ.ኤ.አ. ገደማ በኋላ አላገገመችም። በትውፊት ከተማዋን የያዘው የአብደላብ አለቃ አብደላህ ጀማዕ ነው፤ የፉንጅ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1504 በሴናር ተመሠረተ። የሱዳን ሕዝብ ግን ውድቀቷን በጦር ብቻ አያስረዳም። «ሶባን ያፈረሰች ዓጁባ» የሚል ተረት አለው፤ ዓጁባ የተባለች አሮጊት በልጇ ውበት ተጠቅማ ሹማምንቱን እርስ በርስ አጋጭታ ከተማዋን አጠፋች ይላል። ተረቱ በአሮጊቷ ላይ ያሳበበው ፍርድ ከባድ ቢሆንም ውስጡ ያለው ሐሳብ ልብ የሚባል ነው፤ ሀብት ያላትን ከተማ ያጠፋት ድህነት ሳይሆን መናቆር ነው።

ከኢትዮጵያ በኩል ያለው ምስክርነት የበለጠ ያሳዝናል። ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ በዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ሳለ ከኖባ አገር 6 ሰዎች መጥተው የሚያስተምሯቸው ቀሳውስትና መነኮሳት እንዲላኩላቸው ሲለምኑ አይቷል። ንጉሠ ነገሥቱ እርሳቸውም ጳጳስ የሚያገኙት ከእስክንድርያ መሆኑን ገልጸው ሊሰጧቸው እንደማይችሉ መለሱላቸው፤ ሰዎቹም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እነዚህ መልእክተኞች ወርቅ አልጠየቁም። የጠየቁት የሚያስተምር፣ የሚያጠምቅና የሚቀብር ሰው ነበር። በአንድ ቃል፣ ጧሪ ቀባሪ ፈለጉ።

ቀባሪ ያጣ ሀብት የማንም ይሆናል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካርቱም ስትቆረቆር የሶባ ጡብ እየተነቀለ ለአዲሲቱ ከተማ ግንባታ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1834 ደግሞ ጣልያናዊው ሐኪም ጁሴፔ ፌርሊኒ በሜሮዌ ፒራሚዶችን አፍርሶ የንግሥት አማኒሻኸቶን ወርቅ አገኘ፤ ዛሬ በበርሊንና በሙኒክ ይገኛል። ለእርሱ ሎተሪ የሆነው ለሟቿ ንግሥት የመቃብር መበርበር ነበር። በቅርብ ዘመንም የካርቱም ቤቶች እየሰፉ የሶባን ፍርስራሽ ሸፍነውታል።

ዕጣው ከወጣ በኋላ

ድንገተኛ ሀብት ደስታ ይሰጣል ወይ የሚለውን የዘመኑ ተመራማሪዎችም ጠይቀዋል። ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ሎተሪ የወጣላቸውን 22 ሰዎች ካልወጣላቸው ጋር አነጻጽረው ብዙ የደስታ ልዩነት አላገኙም፤ እንዲያውም ባለዕድሎቹ ከዕለት ተዕለት ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ቀንሶ ተገኘ። በ2020 የወጣ የስዊድን ጥናት ደግሞ ትልቅ ዕጣ የወጣላቸውን ሰዎች ከ5 እስከ 22 ዓመታት በኋላ ጠይቆ በሕይወታቸው የበለጠ እርካታ እንደሚሰማቸው አመለከተ። የሁለቱ ውጤት ለምን ተለያየ ለሚል ሰው ሊሰጥ የሚችል አንድ መልስ አለ፤ ስዊድን ሽማግሌዋን የምትጦር አገር ናት። እዚያ ዕጣ በጡረታ ላይ የሚደረብ ነው። ጡረታ በሌለበት አገር ግን ዕጣው ራሱ ጡረታ መሆን አለበት፤ ያን ያህል ሸክም ደግሞ አንድ ቲኬት አይችለውም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አነጋገር የሚጠቅሱ ሰዎች አረጋዊው ባገኘው ገንዘብ ራሱን እንዲያስደስት ይመክሩታል። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ሽማግሌው ዕዳውን ከፍሎ፣ ቤት ሠርቶ፣ ተዝካር አውጥቶ የቀረውን ለልጅ ልጆቹ ሲያካፍል ራሱን ረሳ ማለት አይደለም። እርሱ የሚገዛው ዕቃ ሳይሆን ሰው ነው። የሚታመም ጊዜ ደጁን የሚያንኳኳ፣ የሞተ ጊዜ ከፈኑን የሚገዛ፣ ከዓመት በኋላ ስሙን የሚጠራ ሰው።

በሶባ ዳር የሚፈሰው ዓባይ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ሁሉን አይቶ ያልፋል። በወርቅ የተመሰገነች ከተማ በዳርቻው ቆማ ነበር፤ ዛሬ የሚታየው የጡብ ስብርባሪና የሸክላ ገል ነው። በዚያ አካባቢ ቡና አፍልታ ስትሸጥ የኖረች ኢትዮጵያዊት እናት ዕጣ ቢወጣላት ምን እንደምታደርግ ስትጠየቅ «አገሬ ገብቼ ከወገኔ መካከል ልሙት» ብትል መልሷ ትንሽ መስሎ ይታያል። የሶባ ታሪክ ግን ከዚህ የሚበልጥ ምኞት እንደሌለ ያሳያል።